ልጄን ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛወሩት፤ ዝቅ ማድረጋቸው ነው?

ጥያቄው፦ «ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ይጫወታል፤ እስካለፈው ዓመት ቦታው ሾርትስቶፕ ነበር፤ በዚህ ጸደይ አዲሱ አሠልጣኝ ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛወረው። ልጁ አኩርፏል። አጠገቤ የሚቆም አንድ አባት ‹እዚያ የሚያስቀምጡት ክንዱ ደከም ያለውን ነው› አለኝ። ቁመቱም ከእኩዮቹ ያጥራል። እኔ ያደግሁት በእግር ኳስ ስለሆነ ነገሩ በደንብ አይገባኝም። በዚህ ቦታ ተጫውቶ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ? ካለስ የእንዲህ ያለው ሰው የሥራ ዘመን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ምን ይመስላል?» (ከሰሜን ቨርጂኒያ)

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አጠገብዎ የሚቆመው አባት የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ (ሯጭ በተራ የሚረግጣቸው ማረፊያዎች ናቸው) መካከል ስለሆነ ኳሱን አንሥቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ምንም አይቀረውም። ሁለተኛ ቤዝ የሚጫወተው ደግሞ በአንደኛና በሁለተኛ ቤዝ መካከል ይቆማል፤ ውርወራው አጭር ነው። እኩል ቀልጣፋ የሆኑ ሁለት ልጆች ካሉኝ እኔም ክንደ ብርቱውን ሾርትስቶፕ፣ ሌላውን ሁለተኛ ቤዝ አደርጋለሁ። በሜሪላንድ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን የውስጥ ሜዳ ጨዋታ ሳሠለጥን 19 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት «ወደ ሁለተኛ ቤዝ ሂድ» ብዬው ፊቱ ያልጠቆረ ልጅ አላስታውስም።

ያ አባት ያልነገረዎት ሌላውን ግማሽ ነው። በባለሙያዎቹም ዘንድ ሁለተኛ ቤዝ የስደተኛ ሰፈር ነው። ተወልዶ ያደገበት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የገባ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1945 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሾርትስቶፕ ይጫወት ነበር። በ1947 ብሩክሊን ዶጀርስ ገብቶ ጥቁሮችን ከትልቁ ሊግ ያስቀረውን የቀለም አጥር ሲያፈርስ፣ ሁለተኛ ቤዝ በኤዲ ስታንኪ ተይዞ ስለነበር አንደኛ ቤዝ ላይ አቆሙት። ስታንኪ በ1948 ወደ ሌላ ክለብ ሲዛወር ነው ቦታውን ያገኘው፤ በቀጣዩ ዓመት የናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች የአንዱ) ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ክሬግ ቢጂዮ ሂዩስተን አስትሮስ ሲገባ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለውን ማለቴ ነው። በ1992 ወደ ሁለተኛ ቤዝ አመጡትና 3,060 ጊዜ መትቶ በ2007 ጡረታ ወጣ። ደስቲን ፔድሮያም በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሾርትስቶፕ ነበር። ልጅዎ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቢያንስ በመንገዱ ተመሳስሏል።

አሁን ቦታው ምን እንደሚጠይቅ ላሳይዎት፤ ይህ ካልተያዘ የሥራ ዘመኑ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አይገባም። አንደኛ ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ አለ እንበል። መቺው ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፕ ይመታዋል። ተከላካዮቹ በዚህች አንዲት ኳስ ሁለት ሰው ማስወጣት (ሯጩንና መቺውን ቤዝ ላይ ቀድመው ማሰናበት) ይፈልጋሉ፤ ዳብል ፕሌይ የሚሉት ይህን ነው። ሾርትስቶፕ አንሥቶ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይወረውራል። ልጅዎ ከቆመበት ሮጦ ቤዙ ላይ መድረስ፣ ኳሱን መቀበል፣ ቤዙን መርገጥ፣ ከዚያም ዞሮ ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር አለበት። በትልልቆቹ ሜዳ ይህ ርቀት ከ27 ሜትር በላይ ነው። በቀኝ በኩል ቆሞ የሚመታ መካከለኛ ፍጥነት ያለው ባለሙያ፣ ዱላው ኳሱን ከነካበት ቅጽበት አንደኛ ቤዝ እስኪደርስ 4.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህ ላይ ኳሱ መሬት ላይ የተንከባለለበትን፣ ሾርትስቶፕ ያነሣበትን፣ ሁለቱ ውርወራዎች አየር ላይ የቆዩበትን ይቀንሱ። ለልጅዎ እጅና እግር የሚተርፈው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው።

ያንንም የሚሠራው አደጋውን ሳያይ ነው። ዓይኑ ያለው ሾርትስቶፕ ላይ ነው፤ ሯጩ የሚመጣው ከኋላው፣ በግራ ትከሻው በኩል ነው። ሾርትስቶፕ ተራው ደርሶ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ሯጩን ፊት ለፊት እያየው ነው። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ያለው ግን የእግር ኮቴ እየሰማ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል መቆየት አለበት። ሯጩም ውርወራውን ለማበላሸት ሲል ወደ እግሩ እየተንሸራተተ ነው የሚመጣው። በእግር ኳስ ቋንቋ ይንገሩኝ ካሉ፣ ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ ኳስ የሚቀበል አጥቂን ያስቡ፤ ልዩነቱ እዚህ ተከላካዩ መሬት ላይ ተንሸራቶ እግሩን ይዞት እንዲወድቅ ለብዙ ዘመን ሕጉ ራሱ ይፈቅድለት እንደነበር ነው።

ስለዚህ ክንድ እዚህ ቦታ ላይ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚታየው ኳሱ ከጓንት ወደ ቀኝ እጅ የሚሻገርበት ፍጥነት ነው። በፒትስበርግ ፓይሬትስ የነበረው ቢል ማዘሮስኪ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ኳሱ ጓንቱን ነክቶ ይሁን ሳይነካ ስለማይታወቅ «እጅ የለሽ» ብለው ሰይመውታል። በሥራ ዘመኑ 1,706 ዳብል ፕሌይ ላይ እጁን አስገብቷል፤ ከሁለተኛ ቤዝ ተጫዋቾች የሚበልጠው የለም። ሕዝቡ የሚያስታውሰው በ1960 ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ ያንኪስን ባሰናበተበት ሆም ረን (ከአጥር ውጪ ባወጣት ምት) ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን የማሳያቸው ያንን አይደለም፤ እጆቹን ነው።

ስለ ሥራ ዘመን ስለጠየቁኝ፣ አንድ ሰው ይዘን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንሂድ። ጆ ሞርጋን ይሁን። በዚህ ቦታ ከተጫወቱት ሁሉ ይበልጣል ከሚሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ የሚከራከረኝ ካለ ደስ ብሎኝ እከራከራለሁ።

ሞርጋን በ1943 ቴክሳስ ተወልዶ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ አደገ። ካደገ በኋላ እንኳ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ «ትንሹ ጆ» የሚለው ቅጽል እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። መልማዮች ቁመቱን አይተው ያልፉት ነበር። በ1962 የሂዩስተን ክለብ በ3,000 ዶላር አስፈረመው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ደረም፣ ሰሜን ካሮላይና ተላከ። ኦክላንድ ላደገ ጥቁር ወጣት ደቡቡ ሌላ አገር ነበር፤ በየስታዲየሙ ለነጭና ለጥቁር የተለየ መግቢያ፣ የተለየ መቀመጫ ነበረ። ትቶት ወደ ቤቱ ሊመለስ ቆርጦ ነበር፤ ያስቀረው አባቱን ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ የሚለው ሐሳብ ነው። በ1964 የቴክሳስ ሊግ ኮከብ ሆነ፤ በ1965 በ21 ዓመቱ የሂዩስተን ቋሚ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ሆኖ ጀመረ።

እዚያ ኔሊ ፎክስን አገኘ። ፎክስ በዚያው ቦታ ስሙን የተከለ፣ የሥራ ዘመኑ ግን ያለቀበት ሰው ነበር፤ ሞርጋን የወሰደውም የእርሱን ቦታ ነው። አዛውንቱ ሊያኮርፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ወጣቱን ሲያየው ቆይቶ አንድ ነገር ነገረው። ሞርጋን የሚመታው በግራ በኩል ቆሞ ስለሆነ የኋላው ክንድ ግራው ነው፤ ኳስ ሲጠብቅ ያ ክርን ወደ ጎድኑ እየወረደ ምቱን ያበላሽበታል። ፎክስ ክርኑ ከፍ ማለት እንዳለበት ራስህን ለማስታወስ እንደ ዶሮ ክንፍ አርገብግበው አለው። ሞርጋን ይህን ልምምድ ላይ ጀምሮ እስኪያቆም ድረስ፣ 20 ዓመት ያህል፣ በየኳሱ መካከል ግራ ክርኑን ሲያርገበግብ ኖረ። ተመልካቹ ለዳንኪራ የሚያደርገው ይመስለው ነበር።

ሌላው ልብ የሚባለው ጓንቱ ነው። ሞርጋን የሚያጠልቀው ጓንት ሲታይ የሕፃን የሚመስል፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነበር። ምክንያቱን ከላይ ነግሬዎታለሁ፤ በትልቅ ጓንት ውስጥ ኳስ ትጠፋለች፣ ጣት እስኪያገኛት ጊዜ ይበላል። ወላጆች «ያድግበታል» እያሉ ለልጆቻቸው ሰፊ ጓንት ሲገዙ ሳይ እንደ ጫማ ቆጥረውት ነው እላለሁ። የልጅዎን ጓንት ዛሬ ማታ ይለኩት። ከ11 ተኩል ኢንች ከበለጠ ለሁለተኛ ቤዝ አይሆንም።

ከዚያ ጉልበቱ መጣ። በ1966 በልምምድ ላይ የተመታች ኳስ የጉልበቱን ሎሚ ሰበረችው። በ1968 ደግሞ በውድድሩ መጀመሪያ ላይ የኒው ዮርክ ሜትሱ ቶሚ ኤጂ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ሲንሸራተት ጉልበቱን መታውና ጅማቱ ተበጠሰ። በዚያ ዓመት የተጫወተው 10 ጨዋታ ብቻ ነው። ቅድም ያልኩት ከኋላ የሚመጣ ሯጭ ማለት ይህ ነው። የዚያ ዘመን የጉልበት ሕክምና እንደ ዛሬው አልነበረም፤ በ24 ዓመቱ ነገሩ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር።

ተመልሶም ሂዩስተን ውስጥ አልቀናውም። ከአሠልጣኙ ከሃሪ ዎከር ጋር አልተስማማም፤ አስቸጋሪ ነው የሚል ስም ወጣለት። በኅዳር 1971 ከሌሎች አራት ጋር ወደ ሲንሲናቲ ሬድስ ተላከ። የሲንሲናቲ ሰዎች አጉረመረሙ፤ ክለባቸው በምትኩ ብዙ ሆም ረን የሚመታውን ሊ ሜይንና ጥሩ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን ቶሚ ሄልምስን ሰጥቶ ነበርና። አንድ ትንሽ ሰው ለማምጣት ይህ ሁሉ ለምን አሉ።

ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በ1975 ሞርጋን ዱላ ይዞ ከቆመበት ጊዜ ሁሉ በ46.6 በመቶው ሳይወጣ ቤዝ ላይ ደረሰ። ግማሽ ሊሆን ነው። 67 ቤዝ ሰረቀ፤ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ቤዝ ደረሰ። 132 ጊዜ ደግሞ ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ጥሎለት በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄደ። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ይህ የመጨረሻው ነገር ክብር ላይመስል ይችላል፤ ምንም ሳይመቱ መሄድ። ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ከቦታዋ በአንድ ጣት ወጣ ማለቷን አይቶ እጅን መሰብሰብ ነው። በሥራ ዘመኑ 1,865 ጊዜ እንዲህ ሄዷል፤ በሦስት ኳስ ተሸንፎ የወጣው ደግሞ 1,015 ጊዜ ብቻ ነው። አጭርነቱም እዚህ ላይ ጠቀመው፤ ወርዋሪው ማነጣጠር ያለበት በመቺው ጉልበትና ደረት መካከል ስለሆነ፣ ሰውየው ሲያጥር ዒላማው ይጠብባል።

በ1975ም በ1976ም የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ ሬድስም ሁለቱንም ዓመት ወርልድ ሲሪስን ወሰዱ። ጥቅምት 22 ቀን 1975 ቦስተን፣ ፌንዌይ ፓርክ፣ ሰባተኛው ጨዋታ፣ ዘጠነኛው ዙር፣ ሦስት ለሦስት። ሁለት ሰው ወጥቷል። ሞርጋን ከሜዳው መሐል በስተኋላ የምትወድቅ ደካማ ምት መታ፤ ኬን ግሪፊ ሮጦ ገባ። ዋንጫው በዚያች ምት ተወሰነ። ምቷን ካያት ሰው መካከል የሚያምር ነገር አየሁ የሚል አላገኝም፤ የዱላው ጫፍ ነው የነካት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ላልፈው። በ1980 ወደ ሂዩስተን ተመልሶ ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን እንዲያሸንፍ ረዳ። በ1982 የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ተጫዋች ሆኖ በወቅቱ የመጨረሻ ቀን በመታት ሆም ረን ዶጀርስን ከውድድር አስወጣ። በ1983 ከፊላዴልፊያ ጋር ወርልድ ሲሪስ ደርሶ ተሸነፈ። በ1984 ባደገባት ኦክላንድ፣ በ41 ዓመቱ አበቃ። 22 የውድድር ዓመት። 2,517 ምት፣ 268 ሆም ረን፣ 689 የተሰረቀ ቤዝ። በ1990 በመጀመሪያው ዕድሉ የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ገባ። በዚያው ዓመት ለእናቱ የገባውን ቃል ጠብቆ ያቋረጠውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጨርሶ ዲግሪውን ተቀበለ፤ ይህን ለልጅዎ እናት ይንገሩልኝ። ከዚያም 20 ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲያብራራ ኖሮ በ2020 አረፈ።

ይህ ግን የአንደኛው ሰው ታሪክ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ እንደዚህ አይጨርሱም። ደስቲን ፔድሮያ በ2007 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ2008 የሊጉ ኮከብ ነበር። በ2013 ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር የ8 ዓመት፣ የ110 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በሚያዝያ 2017 ባልቲሞር ውስጥ ማኒ ማቻዶ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ሲንሸራተት የጫማው ጥርስ ግራ ጉልበቱ ላይ አረፈ። በ2018 ሦስት፣ በ2019 ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ2021 መጀመሪያ ላይ አቆመ። የሚገርመው ነገር፣ ይህ የሆነው ሕጉ ከተጠናከረ በኋላ ነው። በ2015 ቼዝ አትሊ (እርሱ ራሱ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ነበር) ተንሸራቶ የሜትሱን ሩቤን ቴሃዳን እግር ከሰበረው በኋላ፣ ከ2016 ጀምሮ ሯጩ ቤዙን መንካት የሚችልበት መንገድ ይዞ፣ ቤዙ ላይ ሊቆይ አስቦ መንሸራተት እንዳለበት ተደነገገ። ልጅዎ የሚጫወተው ከእኔ ዘመን በተሻለ ጥበቃ ነው፤ ጉልበቱ ግን ያው ጉልበት ነው።

አንዳንዱን ደግሞ ጉልበቱ ሳይሆን አእምሮው ይከዳዋል። ቸክ ኖብሎክ በሚኒሶታ ሳለ የመከላከል ሽልማት የወሰደ ተጫዋች ነበር። ኒው ዮርክ ያንኪስ ከገባ በኋላ ግን ያችን አጭር ውርወራ፣ ያ አጠገብዎ የሚቆመው አባት ቀላል ናት ያላትን፣ መወርወር አቃተው። በ1999 26 ስሕተት ሠራ፤ በ2000 ደግሞ አንዲቱ ውርወራ ከአንደኛ ቤዝ አልፋ ተመልካች መካከል ገብታ አንዲት ሴት ፊቷ ላይ መታች። በ2001 ወደ ግራ ውጪ ሜዳ (ከቤዞቹ ኋላ ወዳለው ሰፊ ሜዳ ግራ ክፍል) አዛወሩት። ስቲቭ ሳክስም በ1983 በዶጀርስ ይኸው ደርሶበት 30 ስሕተት ሠርቷል፤ እርሱ ግን ዳነ። ከሩቅ መወርወር ክንድ ይፈልጋል፤ ከቅርብ መወርወር ግን ጊዜ አለኝ ብሎ ማሰብን ይፈቅዳል፣ ያ ማሰብ ነው የሚያጠፋው። ይህን ያየሁት ቴሌቪዥን ላይ ብቻ አይደለም። አንድ የ15 ዓመት ተማሪዬ ሙሉ በጋ ወደ አንደኛ ቤዝ ከመወርወሩ በፊት ኳሱን ሁለት ጊዜ ጓንቱ ውስጥ መምታት ጀመረበት፤ ያስተወው ውርወራውን ከእንቅስቃሴ ጋር እንዲያደርግ፣ ቆሞ እንዳይወረውር መከልከሌ ነው።

ስለ ቁመት ከሆነ የሚያሳስብዎት፣ ሆዜ አልቱቬን ይመልከቱ። ቬኔዝዌላዊ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከኃይሌ ገብረሥላሴ በጥቂት ጣት ቢበልጥ ነው። ማራካይ ውስጥ አስትሮስ ባዘጋጁት ምልመላ በመጀመሪያው ቀን አይተው አሰናበቱት፤ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። በ2007 በ15,000 ዶላር አስፈረሙት። በ2014፣ በ2016 እና በ2017 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ መቺ፣ በ2017 ደግሞ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። የ2017ቱ አስትሮስ የተቃራኒ ክለብ ኳስ ተቀባይ ለወርዋሪው የሚሰጠውን ምልክት በካሜራ እየሰረቁ ይጫወቱ እንደነበር በኋላ ስለተረጋገጠ በዚያ ዓመት ዋንጫ ላይ ጥላ አለ፤ ልጅዎ ይህንንም ይወቅ። በ2025፣ በ35 ዓመቱ፣ አልቱቬን ብዙ ጊዜ ግራ ውጪ ሜዳ ላይ አቆሙት። ከስደተኛ ሰፈር ተነሥቶ ሌላ ስደት ማለት ነው። እግር ሲደክም ሁለተኛ ቤዝ አያስቀምጥም፤ ዱላው ከበረታ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል፣ ካልበረታ ያበቃል። ስለዚህ የሥራ ዘመኑን ርዝመት በመጨረሻ የሚወስነው ዱላው ነው።

ወደ እንጀራው ልምጣ። በሜጀር ሊግ፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ በ2025 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። እዚያ ለመድረስ ግን ማይነር ሊግን ማለፍ ያስፈልጋል፤ በ2023 በተፈረመው ስምምነት ዝቅ ባለው የኤ ደረጃ የዓመት ክፍያው 26,200፣ በደብል ኤ 30,250፣ ከሜጀር ሊጉ በታች ባለው በትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ነበር። ብዙው ሰው እዚህ መካከል ላይ ይቀራል። ሜጀር ሊግ የገባም ቢሆን በገበያ ዋጋ ራሱን ለመሸጥ የስድስት ዓመት አገልግሎት መሙላት አለበት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደመወዙን በግልግል መከራከር ይችላል።

እዚህ ላይ ለኩርፊያው የሚሆን አንድ ስም አለኝ። ማርከስ ሴሚየን ኦክላንድ ውስጥ ለዓመታት ሾርትስቶፕ ነበር። በ2021 ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ በአንድ ዓመት ውል ወስደው ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛወሩት፤ ሾርትስቶፑ ቦ ቢሼት ነበርና። ሴሚየን በዚያ ዓመት 45 ሆም ረን መታ፤ ዋና ቦታው ሁለተኛ ቤዝ የሆነ ተጫዋች በአንድ ወቅት ይህን ያህል መትቶ አያውቅም ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ቴክሳስ ሬንጀርስ የ7 ዓመት፣ የ175 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። በ2023 ወርልድ ሲሪስ አሸነፈ። ዝቅ ተደረግሁ ብሎ አኩርፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር ልል አልችልም፤ ማኩረፉን ወይም አለማኩረፉን አላየሁም። ዱላውን ግን አላሳነፈም።

ልጅዎ ባለሙያ ይሆናል አይሆንም አልነግርዎትም፤ የ13 ዓመት ልጅ አይቶ የሚነግርዎት ሰው ካለ ገንዘብ ሊጠይቅዎት ነው። ለዚህ ክረምት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ፣ አሠልጣኙን ሄደው «ለምን አዛወሩት?» አይበሉት፤ «ዳብል ፕሌይ ላይ እግሩ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት። የሚመልስልዎት መልስ ልጅዎን በደንብ ያየው መሆኑን ይነግርዎታል። ሁለተኛው እርስዎ ራስዎ የሚያደርጉት ነው። ጓሮ ውስጥ ወይም መኪና ማቆሚያው ላይ በኖራ አንድ ካሬ ይሳሉ። ከእርስዎ አሥር እርምጃ ይራቅና ባዶ እጁን፣ ያለ ጓንት፣ የቴኒስ ኳስ ይወርውሩለት። በሁለት መዳፍ ደረቱ ላይ ተቀብሎ፣ ግራ እግሩ ካሬው ላይ ሲያርፍ ኳሱ ቀኝ እጁ ውስጥ መሆን አለበት። በቀን 50 ጊዜ። በመጀመሪያው ሳምንት ኳሱ አገጩን ይመታዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ይለወጣል። ሁለት ድምፅ የነበረው፣ መቀበልና መያዝ፣ አንድ ይሆናል። እርስዎ ጨዋታውን ባያውቁት እንኳ ያንን በጆሮዎ ይሰሙታል።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ፍሬደሪክስበርግ ይውሰዱት፤ የዋሽንግተን ናሽናልስ ወጣቶች የሚጫወቱበት የዝቅተኛው ኤ ደረጃ ቡድን እዚያ ነው፣ ትኬቱም ርካሽ ነው። በሦስተኛ ቤዝ በኩል ተቀመጡ። ኳሱን አትከተሉ፤ ወርዋሪው እጁን ባነሣ ቁጥር ሁለተኛ ቤዝ ላይ ያለውን ልጅ እግር ብቻ እዩ። ኳሱ ዱላውን ከመንካቱ በፊት ትንሽ ዝላይ ይዘላል፤ በሁለት እግሩ እኩል ያርፋል። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር ደግሞ ማንም ሳያይ ሁለት እርምጃ ወደ ቤዙ ይጠጋል። ያንን ልጅዎ ከእርስዎ ቀድሞ ካየው ይጻፉልኝ።